መነጽር ያደረበት ደብዳቤ

«እዚያ ላይ አታስቀምጪው» አለች የሟቹ ሊቀ ጳጳስ እህት።

ጎረቤቷ የሻዩን ትሪ እንደያዘች ከሟቹ ጠረጴዛ ፈቀቅ አለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብዳቤ፣ ደብዳቤው ላይ መነጽራቸው፣ አጠገቡ ባዶ ማኅደሩ አለ። ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ቢሆንም ማንም አልነካውም።

ለቀስተኛው በሹክሹክታ ያወጋል። «እኔንም ወደ ሚሲዮን ሊልኩኝ ነበር፤ ወገቤ አዳነኝ» ይላሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ። ለቅሶ ቤትም ሳቅ አይጠፋም። እህትየዋ ግን ዓይኗ ጥግ ከተቀመጠችው እናት ላይ ነው። የሴትየዋ ልጅ መነኩሲት ናት፤ ሐኪም በሌለበት ሩቅ ሚሲዮን ኩላሊቷን ታማ ተኝታለች። ደብዳቤው እሷን ለሕክምና የሚመልስ ነው። የቀረው ፊርማ ብቻ።

ሊቀ ጳጳሱ በወጣትነታቸው ችኩል ነበሩ። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ በፈረሙት ደብዳቤ አንድ ደካማ ቄስ ወደ ወባ አገር ሄደ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሚሲዮኖችን ሲያስተዳድሩ፣ መነጽራቸው ሥር ሦስት ሌሊት ያላደረ የዝውውር ደብዳቤ ፈርመው አያውቁም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን አይለቀምም» ይሏት ነበር እህታቸውን።

«ይቺስ ታማለች፣ አታሳድረው» ብላቸው ነበር።

«ደንቡን ለአንዷ ካላላሁት ለሁሉም ይላላል» አሏት። በሦስተኛው ሌሊት አረፉ። ይህን ስታስብ ታዝናለች፤ ትናደድባቸዋለችም።

ምክትላቸው ሊያጽናኗት ሲገቡ የደብዳቤውን ነገር አነሳችባቸው።

«አዲስ ሊቀ ጳጳስ እስኪሾም ይቆይ፣ እትዬ። ምናልባት ስድስት ወር።»

«ልጅቷስ ስድስት ወር ትቆያለች?»

ምክትሉ ጥግ ወደተቀመጠችው እናት ዞር አሉ።

«ለሕክምና መመለስ በእርስዎም ሥልጣን ነው። ወንድሜ ነግሮኛል።»

«ሥልጣኑስ አለኝ። ግን ገና አፈሩ ሳይደርቅ የእሳቸውን ጠረጴዛ...»

«ሐዘኑ የኔ ነው፣ አባ። እኔ ፈቅጃለሁ። ሦስት ሌሊቱንም ከሞላ ቆየ። በራስዎ ስም ይፈርሙ።»

ተነስታ በገዛ እጇ መነጽሩን አነሳች። ምክትሉ ብዕራቸውን አወጡ፤ የሟቹን ስም ሰርዘው የራሳቸውን ጻፉና ፈረሙ። እናትየው ደብዳቤውን በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ መኪና ተራ ሮጠች።

እህትየዋ መነጽሩን እንደያዘች ቀረች። መስታወቱ ላይ የወንድሟ የጣት አሻራ አለ። በቀሚሷ ጫፍ ልትወለውለው አለችና ተወችው። እንዳለ አጥፋ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው፣ ክዳኑንም ቀስ ብላ ገጠመች።