ትንሿ ጠመንጃ

ሁለቱ ጠመንጃዎች ዘይት በጠገበ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሽማግሌው ሩኔ ከእያንዳንዳቸው ፊት አንድ አንድ ጥይት አቁመዋል፤ አንደኛው የመሐል ጣት የሚያህል ወፍራም፣ ሌላው ቀጭንና አጭር። ከጎጆዋ መስኮት ውጭ የጥቅምት ጭጋግ ለጋዎቹን ጥዶች እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል።

«ትልቋ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ሚሊሜትር ናት» አሉ ሩኔ። «ትንሿ አምስት ነጥብ ስድስት። ለሮዩር ሁለቱም ይፈቀዳሉ። አንተ ግን ዛሬ የምትቆመው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው።»

ሮዩር ስዊድኖች ትንሹን አጋዘን የሚጠሩበት ስም ነው። ሸረፈዲን ለወራት ስለ እሱ ሲያጠና ከርሞ የአዳኝነት ፈተናውን በነሐሴ አልፏል።

«ትልቁ ጥይት ቅርንጫፍ ጥሶ ያልፋል ይላሉ» አለ።

«የሰነፍ አዳኝ ወሬ ነው። ቅርንጫፍ የማያስተው ጥይት የለም። ክፍት ቦታ እስክታገኝ ትጠብቃለህ። ትልቁ ግን ሲመታ እዚያው ይጥላል። ትንሹን አንዲት ጭራሮ ብትነካው...» ሩኔ እጃቸውን ወደ ጎን ወረወሩት። «የመረጥካትን በስምህ አዞርልሃለሁ። የፖሊሱ ቅጽ ላይ የጥይቱ ስፋት፣ ካሊበር፣ የሚለው መስመር ብቻ ነው የቀረው።»

በስዊድንኛ ሁሉም ሰው አንተ ነው፤ ሸረፈዲን ግን በልቡ ሩኔን አንቱ ይላቸዋል። የተዋወቁት እሱ በሚሠራበት የሄሰልቢ የአረጋውያን ቤት ነው። የሩኔ ሚስት ብሪታ የመጨረሻዋን ክረምት እዚያ አሳልፋለች። ከቀብሯ በኋላ ሩኔ አንድ ቀን መጥተው ኮሪደር ላይ ቆሙና፣ ማደን መማር ይፈልግ እንደሆነ ጠየቁት። ሌላ ያሉት ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መጽሐፉን አብረውት አነበቡ፤ ተኩስ ሜዳም ወሰዱት።

ሸረፈዲን ግን ለመማር እሺ ያለው እናቱን አስቦ ነበር። ወይዘሮ ሸዋሉል በመጋቢት ከደሴ ከመጣች ሥጋ አልቀመሰችም። በዚህ አገር ሕግ እንስሳ አስቀድሞ ራሱን እንዲስት ሳይደረግ አይታረድም። ከውጭ የመጣውን ሥጋ ሲያቀርቡላትም «ማን አረደው? የአላህ ስም ተጠርቶበታል?» ትልና ሳህኑን ቀስ አድርጋ ትገፋዋለች። በመስከረም ሐኪሙ ደሟ እንዳነሰ ነገራቸው፤ አሁን ከሳሎን እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው።

ስለዚህ የሸረፈዲን ሂሳብ ከሩኔ የተለየ ነበር። እሱ የፈለገው የሚወድቅ፣ ግን ቢላዋው እስኪደርስ ነፍሱ የማትወጣ አጋዘን ነው። በጥይት ብቻ የሞተ ይበላ እንደሆነ ሼሁን ሊጠይቅ ሁለት ጊዜ እስከ መስጊዱ በር ሄዶ ነበር። አይበላም ቢሉት ሁሉ ነገር ያበቃል ብሎ ሳይጠይቅ ተመለሰ። ለእናቱም አልነገራት፤ ባዶ እጁን ቢመለስ ታዝናለችና ሥራ እንደሚገባ ነግሯት ነው የወጣው። ሚስቱ ሙፈሪሃት በሩ ላይ በሹክሹክታ ስቃበታለች፦ «የሰው ባል ቅዳሜ ቬሊንግቢ ሱቅ ሄዶ ሥጋ ይገዛል፤ የእኔው ጫካ ለጫካ ያባርረዋል። አጋዘኑ ራሱ እንዳያባርርህ ብቻ።»

«ትንሿን» አለ ሸረፈዲን።

ሩኔ ቀና ብለው አዩት።

«ትከሻዬን ያመኛል። ሰው ማንሳት ነው ሥራዬ፤ ትልቋ ትመታኛለች።»

«ትከሻ ይድናል» አሉ ሩኔ። ከዚያ በላይ አልተከራከሩም፤ ትንሿን አንስተው ሰጡት።

ጭጋጉ ሳይነሳ የሩኔ እግረ አጭር ውሻ ከጥዶቹ ወዲያ መጮህ ጀመረች። ሮዩሯ ከሸረፈዲን አርባ እርምጃ ያህል ርቃ ብቅ አለች። ቆመች። በመካከላቸው ቅጠሏ የረገፈ ቀጭን ቁጥቋጦ አለች፤ ቁጥቋጦዋን አያት፤ እንዳየም አወቀ። መጠበቅ ነበረበት። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አለና ቃታውን ሳበ።

ሮዩሯ ጀርባዋን አጉብጣ ዘለለችና ጠፋች።

ሩኔ በትር ይዘው እያነከሱ መጡ፤ ቆማበት የነበረውን ቦታ ጎንበስ ብለው መረመሩ። ቅጠሉ ላይ ጥቂት ፀጉርና አረንጓዴ ነገር አለ። ደም የለም ማለት ይቻላል።

«ሆዷን ነው» አሉ። «አሁን ከተከተልናት ትሮጣለች። እስክትተኛ መጠበቅ አለብን።»

ውሻዋን አስረው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ሩኔ ከተርሞሱ ቡና ለራሳቸው ብቻ ቀዱ፤ ትንሽ ቆይተው ትዝ ሲላቸው ኩባያውን ለእሱ አቀበሉት። ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው ጠበቁ። ሸረፈዲን አንድ ነገር ብቻ ይለምን ነበር፤ በሕይወት እንድትቆይ። ምን እየለመነ እንደሆነ ሲገባው ኩባያውን መሬት አስቀመጠ።

ውሻዋ ተፈትታ ያገኘቻት ቀትር ላይ፣ ከረግረጉ ዳር ነው። ተኝታለች፤ ጭንቅላቷ ቀና እንዳለ ነው። ልትነሳ ሞክራ የፊት እግሮቿ ብቻ ታዘዙላት። ሩኔ ትልቋን ጠመንጃ አነሱ።

«ይጠብቁኝ» አለ ሸረፈዲን፤ ቢላዋውን መዞ ሮጠ። ፊቷን ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ቂብላ አዞረ፣ የአላህን ስም ጠራ፣ አረደ።

ሩኔ ጠመንጃቸውን ዝቅ አድርገው ቢላዋውን ሲያዩ ቆዩ።

«ጠዋት ስትመርጥ ይህን ነበር የምታስበው?»

ሸረፈዲን መዋሸት ይችል ነበር።

«አዎ። ለእናቴ ነው።»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ሸረፈዲን ጎንበስ ብሎ ቢላዋውን ሣሩ ላይ ጠረገ።

«የብሪታን አንገት ደግፎ ውሃ ሲያጠጣ ያየሁት እጅ ነው ብዬ ነው ጠመንጃ የሰጠሁህ» አሉ ሩኔ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ትንሿን ከትከሻው ላይ ወሰዱ፣ ጥይቷን አወጡ፣ ኪሳቸው ከተቱ። «ሥጋውን ውሰድ። እኔ አልፈልገውም።»

እስከ ሄሰልቢ ድረስ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የውሻዋ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ወጡ አመሻሹ ላይ ደረሰ። ሙፈሪሃት አደን መዋሉን ነግራት ኖሮ፣ ወይዘሮ ሸዋሉል ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጠረጴዛው ጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሸረፈዲን ፊቷ እንዲህ ሲበራ ካየ ወራት አልፈዋል።

«ቢላዋው በሕይወቷ ደርሶባታል፣ እማ» አለ እሷ ሳትጠይቀው። «በእጄ ነው ያረድኳት።»

«ስትተኩስ ቢስሚላህ ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«እሱ ይበቃ ነበር እኮ» አለች እናቱ እንጀራውን እየቆረሰች። «አባትህ አንተ ሳትወለድ ድኩላ ያድን ነበር። ቢስሚላህ ብሎ ከተኮሰ ሞቶም ቢያገኘው እንበላዋለን፤ ሼሁም አብረውን ይበላሉ። እሱን የሚጨንቀው ሌላ ነበር። እንስሳ ቆስሎ ካመለጠው ማታ እህል አይቀምስም።» ሥጋውን በእንጀራው ጠቀለለችና ቀና አለች። ሙፈሪሃት ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወደ ባሏ ዞረች። እናቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀች። «የአንተዋስ፣ ልጄ? ቶሎ አረፈች?»

ሸረፈዲን እጁን ከጠረጴዛው በታች አደረገ።

«ከማለዳ እስከ ቀትር ቆየች» አለ።

የእናቱ ጉርሻ በሳህኑና በአፏ መካከል እንደተያዘ ቀረ። ወጡ ከጣቶቿ መካከል አምልጦ በእጅ አንጓዋ ላይ ወደ ክንዷ ይወርድ ጀመር፤ አልጠረገችውም።