የሰመጠው መለኪያ

የታሪክ ተመራማሪዋ ስለ ሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ስደት አራት ዓመት የለፋችበት መጽሐፍ ስህተት ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ነገ ሊታተም። ማዕረጓ የሚጸድቀው ደግሞ በእሱ ነበር።

ነገሩን ያፈረጡት የሐይቁን ከፍታ ሃያ ዓመት ሲመዘግቡ የኖሩት ሽማግሌ ናቸው። የእጅ ጽሑፋቸው መጽሐፉ ውስጥ ፎቶ ተነስቶ ስለገባ፣ ይዩትና ደስ ይበላቸው ብላ ቢሮ ጠርታቸዋለች። የከሰዓቱ ፀሐይ በመጋረጃው ሾልኮ ጠረጴዛው ላይ ይዋልላል። ሽማግሌው ገጹን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ሳቁ።

«ምን ያስቅዎታል፣ አባባ?»

«ይቺን ቁጥር ያነበብኩባት የመለኪያ እንጨት ናታ! በየዓመቱ ጭቃው ውስጥ ትሰምጥ ነበር እኮ። ውሃው ሲወርድ እሷም አብራው ስትወርድ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይል!»

ዓሣ አስጋሪዎቹ «ውሃው ሸሽቶን ነው የተሰደድነው» ብለው ነበር። እሷ ግን መዝገቡን አምና፣ ውሃው አልጎደለም፣ ስንፍናቸውን ሊሸፍኑ ነው ብላ ጽፋለች።

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

«ቁጥሩን ጻፍ ተባልኩ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ። ስለ እንጨቷ ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»

ጥግ ላይ የተቀመጡት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የድሮ አስተማሪዋ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አልሰማሁም። አንቺም አልሰማሽም። በሁለተኛው እትም ታርሚዋለሽ።»

«ጋሼ፣ ሰዎቹን እኮ ውሸታም ብያቸዋለሁ!»

«እነሱ እንደሆነ መጽሐፍ አያነቡ።»

«እኔ አነባለሁ» አሉ ሽማግሌው መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ከተሰደዱት አንዱ ወንድሜ ነው።»

ያኔ ተመራማሪዋ የሐይቁ ውሃ ከቢሮዋ ወለል ቀስ እያለ ሲሸሽ ታያት። በመደርደሪያዎቹ መሃል ጀልባዎች ጎናቸውን ጥለው ተኝተዋል። አንዲት ሴት የደረቀ መረብ ጠቅልላ ተሸክማ፣ ልጆቿን አስከትላ በጠረጴዛው ሥር አለፈች። ዞር ብላም አላየቻትም። ጭቃው ላይ እንጨቷ ብቻ ቀረች፤ እስከ አንገቷ ሰምጣ፣ ያንኑ ቁጥር ይዛ።

ተመራማሪዋ ቦርሳዋን አነሳች።

«ወዴት ነው?» አሉ ኃላፊው። «ማዕረግሽስ?»

«ማተሚያ ቤት። ሳይዘጉ ደርሼ ሕትመቱን ላስቁም። አባባ፣ ነገ ጠዋት ይምጡልኝ፤ ስለ እንጨቷ እጠይቅዎታለሁ።»

ጀልባዎቹን እንዳትረግጥ እየተጠነቀቀች ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።