በአንድ ቃል የዘገየ አውሮፕላን

በደርግ ጊዜ ሚዛን ተፈሪ ላይ አውሮፕላን የሚያርፈው በአብራሪ ችሎታ እንዳይመስላችሁ፤ በእኔ ነው። ሜዳው ሣር ነው፤ ሣሩ ላይ ያገሩ ከብት ይሰማራል። የሞተር ድምፅ ሲሰማ ወጥቶ ከብት የሚያስነሳ፣ ቲኬት የሚቆርጥ፣ ሻንጣ የሚመዝን እኔ ሙሴ ብቻ ነኝ። ከቴፒ እስከ ማጂ ስሜን የማያውቅ የለም። አብራሪዎቹ ከደመና በላይ ሆነው በጢሜ ይለዩኝ ነበር።

በ1977 ክረምት ባየ የሚባል ወጣት ሹም ከአዲስ አበባ መጣ። መሥሪያ ቤቱ፣ ኮሌጅ የገቡ ልጆቻቸው ጥቂት ከሆኑ ብሔረሰቦች አንዳንድ ተማሪ መርጦ፣ ክረምቱን አዲስ አበባ አስቀምጦ የመንግሥት ፖሊሲ አጻጻፍ ሊያሠለጥን ነው። መግቢያው ስላገር ቤት ጉዳይ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ከእኛ ዘንድ ያቀረበችው ንጋቷ ብቻ ነበረች፤ ጅማ ሁለተኛ ዓመት የምትማር የቤንች ልጅ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ የሻንጣ ሚዛኔን ቁጥር እያየች ነው ያደገችው።

ጽሑፏ ስለ መሠረተ ትምህርት ነው። እናቷ አማርኛ ማንበብ ችለው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል፤ መጽሐፉን ሳይደናቀፉ ይወጡታል። አንብበው ሲጨርሱ ግን ወደ ልጃቸው ዞረው በቤንችኛ ምን ይላል ብለው ይጠይቃሉ። ንጋቷ ከዚህ ተነስታ ትምህርቱ በየሰዉ ቋንቋ ይሁን የሚል አሳብ ጻፈች። እኔ መጨረሻው ላይ ሦስት ገጽ መፈክር ብትጨምሪበት አገር ይንቀጠቀጣል ብያት ነበር። ሳቀችብኝ።

ባየ የሚመለስበት ቀን ሜዳው ዳር ቆመን ደመናው እስኪገለጥ እንጠብቃለን። ጽሑፉን ወዶታል፤ ደጋግሜ አነበብኩት አላት። አንዲት ነገር ቀረች። የማመልከቻው ቅጽ ላይ ብሔረሰብ በሚለው ቦታ ቤንች ብላ ጽፋለች፤ እሱ በያዘው ዝርዝር ላይ ግን ያው ሕዝብ የተጻፈው ግሚራ ተብሎ ነው። ሰርዛ ግሚራ ካለች አብራው ትሄዳለች። ካላለች፣ ዝርዝር ላይ የሌለ ብሔረሰብ ተማሪ ይዞ መሄድ አይችልም። ብዕሩን ሰጣት።

እኔም ቀለም ነው ልጄ፣ ቀለም አይናከስም አልኳት።

ብዕሩን ተቀበለች። ግሚራ የሚለውን ቃል የምታውቀው ከአውራጃው ማኅተም ላይ እንጂ ከቤቷ እንዳልሆነ በዝግታ አስረዳችው። ባየም ስሙን እሱ እንዳላወጣው፣ ተጽፎ እንደተሰጠው ነገራት። አልተቆጣም፤ ደክሞት ነበር።

«ጓድ ባየ» አለችው፣ «እናቴ የማታውቀውን ቃል ታነባለች ብዬ ጽፌ፣ እኔ ደግሞ የማላውቀውን ከስሜ አጠገብ ልጻፍ?»

«ምን ላድርግሽ፤ ዝርዝሩ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ይቅር» ብላ ብዕሩን መለሰችለት። ድምጿ አልተለወጠም፤ ነጠላዋን ግን ያለምክንያት ታስተካክል ጀመር።

ደመናው ተገለጠ፤ የሞተሩ ድምፅ በቦንጋ በኩል መጣ። ሜዳው መሐል ሦስት መቶ ከብት፣ እሺ ሠላሳ ይሁን፣ ተኝቶ ያመሰኳል። ባለቤቶቹ ዳር ተቀምጠዋል። አስነሳቸው እንጂ አለኝ ባየ። እኔም ማሻ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ ግሚራዎች ከብቶቻችሁን አንሱ ብዬ ተጣራሁ። የተነቃነቀ የለም። ደገምኩ። አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው የተጠራውን ሰው ከኋላቸው ፈለጉ። ሙሴ ቀድሞ በዓይኑ ጠቅሷቸው ነው የሚሉ አሉ፤ ሐሜት ነው።

አውሮፕላኑ ሳያርፍ አንዴ በላያችን ዞረ።

«ምን ሆነው ነው?» አለኝ ባየ።

«ዝርዝርህ ላይ ያለውን ነው የጠራሁት ጓድ።»

«ሌላ ቀንስ ምን ብለህ ነው የምትጠራቸው?»

«እሱማ ዝርዝር ላይ የለም።»

ባየ ሰማዩን አየ፣ እኔን አየኝ። ንጋቷ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። አውሮፕላኑ እንደገና ሲዞር ባየ ራሱ እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ፣ ቤንቾች እባካችሁ ከብቶቹን አለ፤ ቀጭን የቢሮ ድምፅ። በዓይን ቅጽበት ሜዳው ጸዳ።

ዝርዝሩን ከቦርሳው አወጣ። ከግርጌው በእርሳስ ቤንች ብሎ ጻፈበት።

«ይኼ ከየት መጣ ቢሉኝ እኔ መልስ የለኝም» አላት። «አንቺው መጥተሽ አስረጂ።»

አውሮፕላኑ ሞልቶ ስለነበር የነጋዴውን የተካን ሁለት ጆንያ ኮረሪማ አወረድኩ። ተካ፣ አንዲት ተማሪ ከኮረሪማዬ በለጠች ወይ ብሎ አጉረመረመ፤ በሚዛንም በልጣለች አልኩት። ንጋቷ ልብስ እንኳ ሳትቀይር ልትወጣ ስትል ዞረች።

«ጋሼ ሙሴ፣ ለእናቴ ንገርልኝ። በቤንችኛ ንገራት።»

ቤንችኛዬ ጉባኤ የሚያስጨበጭብ ነው። ሄጄ ከደመናው ጀምሬ እስከ ኮረሪማው ተረኩላቸው። እናቷ ሁለት ቃል አረሙኝና፣ ብርድ ልብስ ይዛለች ወይ አሉኝ።