ነጭ የተቀቡት ዛፎች

ልብስ ሰፊዋ ጄሪካኗን ይዛ ምንጩ ዘንድ ስትደርስ ዘጠኙ ዛፎች የሉም። የቀረው ጉቶ ብቻ ነው። የተላጠው ልጥ ከነነጭ ቀለሙ መንገድ ዳር ተከምሯል።

ያን ቀለም የቀባችው ራሷ ናት። ከዚያ በፊት እንዳይቆረጡ ብላ በየግንዱ አራት አራት ወፍራም ሚስማር መትታ አስገብታለች። ሚስማር የዋጠ ግንድ መሰንጠቂያው ላይ ከወጣ የመጋዙን ጥርስ በሠራተኛው ላይ ይበትነዋል፤ ነጩ ቀለም ማስጠንቀቂያ ነው። የሰፈሩ ቆራጮች ይህን ስለሚያውቁ አንድም ቀን አልነኳቸውም።

መሰንጠቂያው ላይ የሚቆመው ደግሞ ማን ሆነና! እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነው። ዳገቱ ተመንጥሮ ምንጩ ከደፈረሰ ወዲህ ሰፈሩ ሆድና ጀርባ ሆኗል። ግማሹ «ጭቃ ልንጠጣ ነው» ሲል፣ ግማሹ «የልጆቻችንን ጉሮሮ አትዝጉ» ይላል። እህትና ወንድምም ስምንት ወር ሰላምታ የላቸውም። ኩርፊያ ትችልበታለች፤ እሱም የተማረው ከእሷው ነው።

«ማነው የቆረጠው?» አለችው፣ ልጡን መኪና ላይ የሚጭነውን ሰውዬ።

«ትናንት የመጡት አዲሶቹ ቆራጮች ናቸዋ። በእነሱ አገር ነጭ የተቀባ ማለት ይቆረጥ ማለት ነው አሉ። ተቀብቶ ጠበቃቸው፣ ቀናቸው!»

«ግንዱስ?»

«ተልጦ ገብቷል። ይሄኔ እየሰነጠቁት ነው።»

ለካ ማስጠንቀቂያዋን የጻፈችው መጋዝ ዘንድ ሳይደርስ በሚላጥ ነገር ላይ ነው! ጨርቅ እንጂ እንጨት የት ታውቂያለሽ፣ ማን ግቢ አለሽ አለች ለራሷ። ጄሪካኑን ወርውራ ቁልቁል በረረች።

የመሰንጠቂያው ዘበኛ ከተቆለፈው የብረት በር ወዲያ ቆሞ አያት። የመጋዙ ጩኸት ስላስቸገረ እሱም ይጮሃል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ያስቁሟቸው! እንጨቱ ሚስማር አለበት!»

«ባለፈው እሳት ተነሳ ብለሽ ግማሽ ቀን ሥራ አስፈታሽን። ዛሬ ሚስማር፣ ነገ ጅብ ገባ ትያለሽ!»

እውነቱን ነው፣ ዋሽታለች። ወንድሟን በቁልምጫ ስሙ ተጣራች። የእሱ ጆሮ በጩኸት መከላከያ ተደፍኗል፤ ባይደፈንስ ከመጋዝ ጋር ማን ይፎካከራል?

«ጋሼ፣ በልጆችዎ! እኔው ነኝ የመታሁት፣ በገዛ እጄ! አሳስሩኝ፣ ግደሉኝ፣ ብቻ ያስቁሙልኝ!»

ሽማግሌው ፊቷን አየ። ሳቁ ጠፋ። ዱላውን ጥሎ ወደ መሰንጠቂያው ሮጠ፤ ሩጫ ከተባለ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ። በሩን መክፈት እንኳን ትዝ አላለውም። እሷ ብረቱን ጨብጣ «ቶሎ፣ ቶሎ» ስትል ቀረች።

መጋዙ ብረት ነክሶ አንድ ጊዜ አጓራና ጸጥ አለ። ስምንት ወር ሙሉ ዝም ባለልኝ ብላ ስትመኘው የኖረችው መጋዝ። ዘበኛው ገና ግቢው መሃል ነበር።