በአንድ ውሃ የታጠበው ብልቃጥ

አንዷን ከሥራ ያስባረረ ብልቃጥ ለሌላው ሲያስጨበጭብለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ትናንት አየሁ።

እህቴ በአንድ ቤተ ሙከራ አሥራ አንድ ዓመት ዕቃ አጥባለች። የቤቱ ሕግ ሁሉም በሦስት ውሃ ይለቅለቅ ነው፤ የጎደለ ካለ በነጭ ፕላስተር ተጽፎ ይለጠፍበታል። አምና አንድ ማክሰኞ ውሃ ጠፋ። እሷም ባክቴሪያ ሲራባበት የከረመ ብልቃጥ አንዴ ለቅልቃ፣ «በአንድ ውሃ ብቻ» ብላ ለጥፋ ለብቻው አስቀመጠችው። የክፍሉ ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ ሳያነብ አንስቶ የወርቅ ፈሳሹን ሠራበት።

ወርቅ እጅግ ደቅቆ በውሃ ሲበተን ቀይ ነው፤ ቅንጣቶቹ ሲጣበቁ ሰማያዊ ሆኖ ይዘቅጣል። የዶክተሩ ወርቅ ሁልጊዜ በሳምንቱ ይዘቅጥ ነበር። በዚያ ብልቃጥ ግን ወሩን ሙሉ ቀይ ሆኖ ቆመ። ደስ ሊለው ሲገባ፣ እህቴን ጠይቆ ብልቃጡ አንዴ ብቻ መለቅለቁን ሲሰማ ተቆጣ፤ በቆሻሻ ዕቃ የተገኘ ውጤት ውጤት አይደለም አለ። እህቴ ፕላስተሩን አሳየችው።

«እኔ ፕላስተር ላነብ አልተቀጠርኩም» አላት።

የስንብት ደብዳቤዋ ላይ «በቸልተኝነት» የሚል ቃል ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ቤተ ሙከራ አልቀጠራትም።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ትናንት ዶክተሩ ጥናቱን ሲያቀርብ ተጋብዤ፣ እህቴን ይዤ ሄድኩ። የባክቴሪያ ፕሮቲን እያንዳንዷን የወርቅ ቅንጣት እንደ ካፖርት ሸፍኖ ከጎረቤቷ እንዳትጣበቅ እንደሚያደርጋት አስረዳ። ይህን ከመነሻው አስቦ፣ አቅዶ እንደሠራው ተናገረ። ከዚያ የመጀመሪያውን ናሙና ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራ።

ቀይ ፈሳሽ። ነጭ ፕላስተር። የእህቴ እጅ ጽሑፍ፦ «በአንድ ውሃ ብቻ»። ሰውየው ዛሬም ፕላስተር አያነብም።

አዳራሹ ሲያጨበጭብ እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አየህ ጋሼ፣ እኔን በር ላይ አቁመው ሲፈትሹኝ፣ ጽሑፌ በክብር ገብቷል።»

እጄን አወጣሁ። መድረክ መሪው ለጥያቄ ሰዓት የለም አለ፤ ለምሳ ግን ነበረ። ኮሪደሩ ላይ ዶክተሩን ደረስኩበት። ፎቶው ላይ ያለውን ጽሑፍ ስነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢሮ ብቅ በሉና እንነጋገር አለኝ።

እኔ ቢሮዎ አልመጣም። እህቴ የተባረረችው እዚያው ቢሮ፣ በር ተዘግቶ ነው። ዶክተር፣ በዚያው መድረክ፣ ያንኑ ፎቶ አብርተው፣ ያንኑ ድምፅ ማጉያ ይዘው ይመልሱ፦ አስበውበት ከሆነ እህቴ በምን ጥፋት ተባረረች? ካላሰቡበትስ፣ ግኝቱ የማን ነው?