የሳሎኑ ወንበዴ

የሰደበኝ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት አማች ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ገና አባርቷል፤ ሰው ለመጀመሪያው ፊልም በር ላይ ተሰልፏል። እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። የሳልኩትን የፊልም ማስታወቂያ ሰቅዬ ከጨረስኩ በኋላ ከታች ጥጉ ላይ በቀጭን ብሩሽ ስሜን መጻፍ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ጽፌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የሳልኩት ፈረስ እኔን ራሴን ስላስደነገጠኝ፣ ይገባኛል አልኩ።

አማቹ መጥቶ ከመሰላሉ ሥር ቆመ።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«ስሜን ነው ጌታዬ። ያው ሠዓሊ በሥራው ላይ...»

«ሠዓሊ?» ዞር ብሎ ሰልፉን አየ። ተመልካች እንዳለው ሲያውቅ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እዚህ ምን ሠዓሊ አለ? ኖራ ቀቢ! አጥፋው ባክህ፣ ግድግዳዬን አታቆሽሽብኝ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ቀለም ማስለቀቂያ አኳራጅ የነካ ጨርቅ አንስቼ ስሜን በገዛ እጄ ጠረግኩት። ስወርድ አንዱ «ቀስ በል ኖራው፣ እንዳትወድቅ!» አለኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስሜ ኖራው ነው። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቀው እሷ የተቀበረችበት መሬት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከሳቁት መሐል አንዷ ከቲኬት መሸጫው መስኮት አንገቷን አውጥታ የሳቀችው ቲኬት ሻጭ ነበረች። እሷን በኋላ አገባኋት። ይቅር ብያት አይደለም፤ ቀረብ ብዬ ልከታተላት ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ደግሞ የተወጋሁበትን ቦታ በየጠዋቱ ነካክቼ፣ አለመዳኑን አረጋግጬ የምነሳ ሰው ነኝ።

ሲኒማ ቤቱን የሠራው አማቹ አልነበረም። የሚስቱ አባት ሽማግሌው ነበሩ። እሳቸው ሲኒማ ቤት የሠሩት ፊልም ማየት ስለሚወዱ ነው፤ ከኋላ ረድፍ ከትንሿ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው፣ ጀግናው አክተር ሲመታ መሐረብ አውጥተው ያለቅሱ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ቤቱ ለልጅቱ ደረሰ፤ ልጅቱ ደግሞ አድጋ አግብታ ስለነበር ለአማቹ ደረሰ ማለት ነው። አማቹ በሕይወቱ አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው አላየም። መብራቱ ሲጠፋ ቢሮው ገብቶ ሬዲዮ ከፍቶ ያንቀላፋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። በዚያ ዘመን ለማስታወቂያ የሚላክልን መዳፍ የምታህል ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበረች። ከሷ ላይ አይቼ ሁለት በር የሚያህል የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ላይ በቀለም አሳድጋለሁ። አክተሩን እንዳለ መሳል ግዴታ ነው፤ ሰው ያውቀዋል፣ ጆሮው እንኳ አንሶ ቢገኝ ሰልፉ ይጮህብኛል። ወንበዴው ግን የኔ ርስት ነበር። በፎቶው ላይ ባርኔጣ ጋርዶት ወይ ከፈረስ ኋላ ተሸሽጎ ስለሚመጣ ፊቱን ከየትም አምጥቼ መሙላት አለብኝ። እና ከየት አመጣለሁ? ካስቀየሙኝ ሰዎች ነዋ! ሁልጊዜ አጥንቱን ለኔ የሚመዝነው ባለሉካንዳ ባንክ ዘርፏል። ሽንት ቤቱን የሚቆልፍብን አከራያችን ባቡር አፈንድቷል። የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ በሽምግልናው ቀን «ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ሁለቴ የጠየቀው፣ ሦስት ፊልም ላይ ተሰቅሏል።

በዚህ ዓይነት የአማቹ ተራ ደረሰ። አንድ ከባድ የወንበዴ ፊልም መጣ፤ ፊልሙ ላይ ያ ወንበዴ የማያደርገው ክፋት የለም፤ መጨረሻ ላይ አሳማ ጋጣ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ይሞታል። ደስ አለኝ። በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። የአማቹን የተቆለመመ ጢም፣ የግራ ቅንድቡን ጠባሳ፣ ሰው ሲንቅ ከንፈሩን የሚያነሳት ነገር፣ ምኑን ልተው! ለአክተሩ እንኳ አውጥቼው የማላውቀውን ጥሩ ቀይ ለሱ ጉንጭ አዋልኩት። ሰውን እንደ ጠላት አጥንቶ የሚያየው የለም መሰለኝ፤ ገና ስስለው ሰሌዳው እየሞላ ሄደ፤ በመጨረሻ ለአክተሩ የቀረችው ከወንበዴው ብብት ሥር ያለች ጥግ ነበረች። እዚያ አስጠጋሁት። ስሜን አልጻፍኩበትም፤ እንደዚያ የሞኝ ሥራ ሁለት ጊዜ አይሠራም።

ሲሰቀል ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ባለሉካንዳው ሳይቀር «ይሄስ የማውቀው ሰው ነው» አለ፤ የራሱን ባንክ ዘረፋ ሳያውቅ። አማቹ ወጣ። ሰሌዳው ፊት ቆመ። ለረጅም ጊዜ አየው። ጢሙን ዳሰስ አደረገ። ሮጦ ገባ።

«ቆስሏል!» አልኳት ቲኬት ሻጯን።

«ወይም ራበው» አለችኝ።

ብዙ ሳይቆይ አዋጅ ወጣና ሲኒማ ቤቱን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተረከበው። አማቹ ቁልፉን አስረክቦ ወጣ፤ እኔ «አየኸው? አንተ ነህ እኮ!» ሳልለው አመለጠኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ብዬ ተውኩት። ግን ዕድሜ ልኬን አንድ ነገር በላኝ፦ ገብቶታል ወይስ አልገባውም? የተሰደበው ሰው ካላወቀው ስድብ ምን ይሠራል? በባዶ ቤት እንደ መጮህ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከፊልሙ በፊት ስብሰባ ጨመረበት፤ ሰው ፊልሙን ብቻ ለማየት ማርፈድ ሲለምድ ስብሰባውን ከፊልሙ በኋላ አደረጉትና በር ቆለፉ። ከዓመታት በኋላ ቤቱ ለሁለት ወንድማማቾች ተሸጠ፤ አንዱ የሠርግ አዳራሽ ይሁን፣ አንዱ ሲኒማ ይቀጥል ብለው ተጣሉና፣ መሐሉን በግንብ ከፍለው አንዱ ሲያጋባ አንዱ ፊልም ያሳይ ጀመር። ፊልሙ ላይ ሰው ሲሞት ከግንቡ ማዶ እልል ይባላል። እሱም ተዘጋ። ዘንድሮ አንድ የሶፋ ነጋዴ ገዛው።

«ሰሌዳዎችህ ከስክሪኑ ኋላ አሉ አሉ» አለችኝ ሚስቴ ከገበያ ስትመለስ። «ሰውዬው እየመነጠረ ነው።»

የማደርገውን ሳላውቅ ጫማዬን አጠለቅኩ። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፦ ያቺን ሰሌዳ አገኛለሁ፣ ተሸክሜ አማቹ በር ላይ አቆማለሁ፣ «ይኸው፣ ወንበዴው አንተ ነህ» እለዋለሁ፣ ከዚያ ብሞትም ግድ የለኝም። ሁለታችንም አርጅተናል፤ አንዳችን ቀድመን ከሞትን ነገሩ ባዶ ቀረ።

አዳራሹ ሶፋ ብቻ ሆኗል። ሁሉም ሶፋዎች ፊታቸውን ወደ ድሮው ስክሪን አዙረው ተደርድረዋል፤ ባልና ሚስት እየመጡ ይቀመጣሉ፣ ወደፊት ያያሉ፣ ተነስተው ይሄዳሉ። ሲኒማው እንዳለ አለ፣ የጎደለው ፊልሙ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ ነጋዴው።

«ከስክሪኑ ኋላ የነበሩ ኮምፔንሳቶዎች የኔ ናቸው።»

«ውይ! ጥሩ እንጨት ነበር» ብሎ አንዱን ሶፋ ገልበጥ አደረገልኝ። ሥሩ ላይ ባለሉካንዳው ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ለሶፋ መቀመጫ ቆርጠዋቸዋል። አከራያችን ከሌላ ሶፋ ሥር ተቸንክሯል፤ የሚስቴ ወንድም አፍንጫው እዚህ፣ አገጩ እዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ አለኝ፤ ከእንግዲህ ሰው ሲቀመጥባቸው ሊኖሩ ነው።

«አንድ ጢማም የነበረበትስ? ትልቅ፣ ቀይ ጉንጭ ያለው?»

«እሱንማ አንድ ሽማግሌ በጋሪ አስጭነው ወሰዱት። እንቁረጠው ስንል በከዘራ ሊመቱን ነበር።»

አማቹ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል! አገኘው! ሊያቃጥለው ነው! ገብቶት ኖሯል ለካ፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ሲበላው ኖሮ አሁን ሊያጠፋው ነው። በደስታም በንዴትም እየተጣደፍኩ ቤቱ ደረስኩ።

የከፈተችልኝ ሚስቱ ነች፤ የሽማግሌው ልጅ። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። አየችኝና አፏን በእጇ ያዘች።

«ኖራው! አንተ ነህ? ግባ፣ ግባ፣ ገና ዛሬ ስለ አንተ ስንጨቃጨቅ ነበር።»

ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ወንበዴዬ ተሰቅሏል። አቧራው ተጠርጓል። ዙሪያውን በወርቃማ ፍሬም አስከብበውታል። ከሥሩ አማቹ ከዘራውን ይዞ ተቀምጧል፤ ጢሙ ከሰሌዳው ጋር ለመመሳሰል አሁንም ተቆልምሟል።

«ማነው?» አለ።

«ኖራው ነኝ ጋሼ።»

«ኖራው ማነው?»

ረስቶታል! ስሙን ራሱ አውጥቶልኝ ረስቶታል!

«ይሄን የሣለው ነው እኮ» አለችው ሚስቱ።

ሰውዬው ከዘራውን ጥሎ ተነሳ። አቀፈኝ። «ሠዓሊው!» አለ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሠዓሊው ነው ያለኝ። «አንተን ስፈልግ ነው የኖርኩት! ተቀመጥ! አየኸው? ያን ቀን ሳየው እንባዬ ሊመጣ ሆነና ሰው እንዳያየኝ ብዬ ሮጬ ገባሁ። አማቴ ሁልጊዜ ይንቁኝ ነበር፤ ሠራተኛው ይንቀኝ ነበር፤ የሰው ሀብት ወራሽ እያሉ። አንድ ሰው ብቻ አየኝ። አክተር አድርጎ አየኝ!»

ወደ ሰሌዳው ጠቆመ። «እስቲ እይ ግርማ ሞገሱን! ከብብቴ ሥር ያለውስ ይቺ አይጥ ማነች? ጠላቴ ነው አይደል?»

ጠላቱ ያለው አክተሩ ነበር።

ሚስቱ ውኃ ልታቀብለኝ ጎንበስ አለች። «እኔ ፊልሙን ሁለቴ አይቼዋለሁ» አለች በጆሮዬ። «አሳማ ጋጣውንም። ወንበዴው አንተ ነህ ብዬ ብነግረው ራቱን አይበላም፤ በየቀኑ እንዲህ ስስቅ የምኖረው ለምን መሰለህ? እንዳትነግረው አደራ።» ብርጭቆውን ሰጥታኝ ዘወር ስትል ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያዘጋጀሁት ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ቆሟል። ብተፋው ይሞታል፤ ደግሞም ያቺ «ሠዓሊው» ያላት ነገር አብራ ትሞታለች። ብውጠው ደግሞ ስድቤ ውዳሴ ሆኖ ወርቃማ ፍሬም ለብሶ ይኖራል።

«አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል» አለ አማቹ። መሳቢያ ከፍቶ ቀጭን ብሩሽና ትንሽ ጣሳ ጥቁር ቀለም አወጣ፤ አስቀድሞ ገዝቶ ኖሯል። እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ስም የለውም። ሠዓሊ በሥራው ላይ ስሙን ይጽፋል፣ እንዲያው ማን እንዲህ አስነውሮህ ነው ሳትጽፍበት የቀረኸው?»

ቃሌን ዋጥኩት፤ በገዛ ስድቤ ላይ ግን ምስጋና ተቀብዬ አልፈርምም ብዬ ብሩሹን ጣሳው ላይ ጋደም አደረግኩት። የሽማግሌው ልጅ አፏን በነጠላዋ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ በጎኗ ካለፍኳት በኋላም ትከሻዋ አላረፈም። «ሠዓሊው! እየጠየቅኩህ እኮ ነው!» አለኝ አማቹ ከኋላዬ። በር ላይ ያወለቅኩትን ጫማዬን አጠለቅኩና የቤቱን ደረጃ ወረድኩ።