ያለፈቃድ የተንቀሳቀሰው ጣቢያ

የቁጥጥር ክፍሉ ኃላፊ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ስማቸው «ጥድፊያ» ነበር። ያን ቀን ስንቅ የጫነችው መንኮራኩር ጠፈር ጣቢያው ላይ የምትደርሰው እሳቸው ንግግራቸውን ከጨረሱ በኋላ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቴሌቪዥን ተጠርቷል፤ ባዶ ሰማይ ሊታይ ነው?

«ፍጥነቷን ጨምሪ» አሏት ሒሳብ ሠሪዋን። «በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ትምጣ።»

«እቅዳችን ዐሥር ሳንቲሜትር ነው ጌታዬ። መንኮራኩሯ ዐሥር ቶን ናት። ይዛው የመጣችው ግፊት ጣቢያው ላይ ስትቆለፍ የትም አይጠፋም፤ ለእሱ ታካፍለዋለች። ከዚያ አብረው ይነጉዳሉ።»

«ጣቢያው ዘጠና ቶን ነው እኮ። ተራራ ላይ ዝንብ ስላረፈ ተራራው ይሄዳል?»

«ተራራው መሬት ላይ ነው የተቀመጠው። ይኼ ምንም ላይ አልተቀመጠም።»

«ማን አለ?»

«ሕጉ። ይኼ ግፊት፣ ሞመንተሙ፣ አይጠፋም ይላል።»

«ሕግ ከሆነ ይሻሻላል» አሉና ከረባታቸውን እያስተካከሉ ወደ ካሜራው ሄዱ።

ከዚህ ወዲያ መከራከር ውኃ ወቀጣ ነው። ትእዛዙን ፈጸመች፤ ግን አስቀድማ መነጋገሪያውን አንስታ ጣቢያው ውስጥ ያለውን ጠፈርተኛ ጠራችው። የጥድፊያ ልጅ ባል ነው።

«ያልታሰረ ነገር ካለ እሰር፤ አንተም ታሰር። አማትህ ቸኩለዋል።»

«ሰርጌ ላይም ቀለበቱን ሳላጠልቅ አጨብጭበዋል» አላትና ማሰሪያውን ፍለጋ ሄደ።

ጥድፊያ «ጣቢያችን ንቅንቅ አይልም!» በሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ መንኮራኩሯ ገጭ ብላ ተቆለፈች። ስክሪኑ ላይ ጣቢያው ተንገጫገጨ፤ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ እንደ ወፍ ክንፍ ተርገበገቡ። ለካሜራው ብለው ጣቢያው ውስጥ ያሰቀሉት የራሳቸው ፎቶግራፍ ከግድግዳው ተላቆ፣ ተዘቅዝቆ፣ በአማቻቸው አፍንጫ ሥር ቀስ ብሎ አለፈ።

መቶው ቶን በሴኮንድ አምስት ሳንቲሜትር ከመንገዱ እየወጣ ነበር፤ ሒሳብ ሠሪዋ እንዳሰላችው፣ አንድም ሳይጨምር ሳይቀንስ። እሱን ለመመለስ የሦስት ወር ነዳጅ ተቃጠለ። ጠፈርተኛው ደኅና ነው፤ ከሰሌዳዎቹ አንዱ ግን ተሰነጠቀ።

በሳምንቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ጥድፊያ ራሳቸው ናቸው። ሪፖርቱ «ጣቢያው ከበላይ አካል ፈቃድ ሳያገኝ ተንቀሳቅሷል» ይላል። ፈርሚ ተብሎ ሲሰጣት ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ «ተንቀሳቅሷል» የምትለዋን ቃል ብቻ አስምራ፣ ጎኗ ላይ «በዚህ እስማማለሁ» ብላ ጽፋ ፈረመችና ምሳዋን ልትበላ ወጣች።